በሽታ ሰው ይመርጣል፤ ለምን ሁልጊዜ እነሱን?

"በሽታ ሰው አይመርጥም" ሲባል ሰምታችኋል። ለማጽናኛ ጥሩ አባባል ነው። እውነት ግን አይደለም። በሽታም አደጋም ሰው ይመርጣሉ፣ ያውም አጥብቀው። በአንድ ወረዳ፣ በአንድ ዓመት፣ ያው አንድ ዓይነት ትንኝ እያለ አንዱ በወባ ሦስቴ ይወድቃል፤ ሌላው ወባን በስም ብቻ ያውቃታል። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ መኪና የሌላቸው እግረኞች ናቸው። ይህን ስናይ ቶሎ የምትመጣልን መልስ አለች፦ "አይጠነቀቁማ!" ትንሽ ጨዋ ከሆንን ደግሞ "ግንዛቤ ስለሌላቸው ነው" እንላለን። ለሁሉ ነገር የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ በሚዘጋጅበት አገር ይቺ መልስ ትመቸናለች።

እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስህተት ናት ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ምሳሌ ከምደረድር አንዱን ይዤ ጠለቅ ልበል። ከደጋ ተነስቶ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርደውን ወጣት ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ሥራውን እንይ፤ ሥራው ካልገባን በሽታው አይገባንም። ሰሊጥ አስቸጋሪ ሰብል ነው። ሲደርስ ፍሬው የተቀመጠበት ዛላ ራሱን በራሱ ይከፍትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ አጨዳው ቀን አይሰጥም። ባለሀብቱ በመስከረምና በጥቅምት ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰው ካላገኘ የዓመት ልፋቱ አፈር ላይ ይቀራል። ከዚያ በፊት ደግሞ ምንጣሮው፣ እርሻው፣ የክረምቱ አረም አለ። ይህን ሁሉ የአካባቢው ነዋሪ ብቻውን አይችለውም። በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የቀን ሠራተኛ ከጎጃም፣ ከጎንደር ደጋ፣ ከወሎ ወደ ቆላው የሚጎርፈው ለዚህ ነው። የሚሄደው ማን ነው? መሬት ያልደረሰው፣ የአባቱ ማሳ ለወንድማማች ሲካፈል የማይበቃው፣ ማዳበሪያ የሚገዛበት ወይም ትምህርት የሚቀጥልበት ጥቂት ብር የፈለገ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወጣት።

እዚያ ሲደርስ የሚተኛው የት ነው? ዛፍ ሥር ነው፤ ሲሻለው ከሸራና ከሳር የተቀለሰች ዳስ ውስጥ። ሙቀቱ ከባድ ስለሆነ ዳስ ያገኘውም ቢሆን ውጭ መተኛትን ይመርጣል።

አሁን መሬቱን ተመልከቱ። የዚያ አካባቢ አፈር ዋልካ ነው፤ በበጋ ሲደርቅ እግር እስኪውጥ ድረስ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ውስጥ ደግሞ የአሸዋ ዝንብ ትኖራለች። ስሟ ዝንብ ይሁን እንጂ ከትንኝ ሲሶ የማትበልጥ፣ ድምፅ የሌላት ነፍሳት ናት። ቀን ተደብቃ ትውልና ከምሽት እስከ ንጋት ወጥታ ትነክሳለች። የግራር ጥላ ደግሞ አንዱ መሰብሰቢያዋ ነው፤ ልጁ የተኛባት ዛፍ ማለት ናት። ካላአዛርን የምታስተላልፈው እሷ ነች። ካላአዛር ሳምንታት የሚቆይ ትኩሳት ያመጣል፣ ሰውነት ያመነምናል፣ ጣፊያ ያሳብጣል፣ ደም ያሳንሳል። ካልታከመ ከመቶ ከዘጠና አምስት በላይ የሚሆኑትን ይገድላል። አዎ፣ ልክ አንብባችኋል።

ይህቺ ዝንብ በብዛት የምትገኘው ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ደረቅ ወራት ነው። የወባ ትንኝ ደግሞ ዝናቡ ሲያባራና ውሃው ሲቋጥር ትነግሣለች፣ ከመስከረም ጀምሮ። ስለዚህ ቀደም ብሎ ለምንጣሮና ለእርሻ የወረደው ለአሸዋ ዝንቧ ይደርሳል፤ ለአጨዳ የወረደው ለወባ ትንኟ። ዓመቱን ከርሞ የሚሠራው ለሁለቱም።

"ታዲያ አጎበር አይዝም?" ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ መልሱን ግን አስቡት። አጎበር የሚታደለው በአብዛኛው በቀበሌ፣ በቤተሰብ ቁጥር ነው። ልጁ በዚያ ቀበሌ ቤተሰብ የለውም። የቤቱ አጎበር እናቱ ጋ ነው ያለው። አግኝቶ ይዞ ቢወርድ እንኳ የት ይስቀለው? አጎበር ጣራ ወይም ግድግዳ ይፈልጋል። ቢሰቅለውስ፣ ሌሊት በጨረቃ ሲያጭድ ወይም ከመንጋቱ በፊት ሲነሳ አጎበሩ ምን ያደርግለታል? ምክሩ የተዘጋጀው ቤት ላለው፣ አልጋ ላለው፣ በጊዜ ገብቶ ለሚተኛ ሰው ነው። እኔን የሚገርመኝ፣ ምክሩ ሳይሠራ ሲቀር ጥፋቱ የመካሪው መሆኑ ቀርቶ የልጁ መሆኑ ነው።

የሰውነት ጉዳይም አለ። በወባ አገር ያደገ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በተደጋጋሚ ሲያዝ፣ በሕይወት ከተረፈ፣ በሽታውን ጨርሶ ባይከላከልም እንዳይገድለው የሚያግዝ አቅም ያጠራቅማል። የደጋ ልጅ ይህ የለውም። ይህ አቅም አለመኖሩ ምን እንደሚያመጣ አገራችን በክፉ አይታዋለች፦ ከ1950 ዓ.ም. ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወባ ወደ ደጋና ወይና ደጋው ወጥታ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ ወደ 150,000 የሚጠጋው እንደሞተ ይገመታል። ያኔ ወባዋ ወደ ሰዎቹ ወጣች። ዛሬ ሰዎቹ ለሥራ ወደ እሷ ይወርዳሉ። ለሰውነታቸው ልዩነት የለውም።

በካላአዛር ደግሞ ሌላ አስገራሚ ነገር አለ። ጥገኛ ተሕዋሱ ሰውነቱ ውስጥ የገባበት ሰው ሁሉ አይታመምም። እንዲያውም አብዛኛው ሳያውቀው ያልፋል። የሚታመመው በብዛት ሰውነቱ የተዳከመ ነው፦ በምግብ እጥረት የከሳ፣ ወይም ኤች አይ ቪ ያለበት። እንግዲህ ያ ልጅ ቀኑን ሙሉ በዚያ ሙቀት ጎንበስ ብሎ ያጭዳል። ምግቡ ከማሽላ ዱቄት ብዙም አይርቅም። ክፍያው በኮንትራት ከሆነ ደግሞ ብዙ ባጨደ ቁጥር ብዙ ስለሚያገኝ እየራበውም እየደከመውም ይቀጥላል። በመከር ወቅት ገንዘብ የያዙ፣ ከቤተሰብ የራቁ ወንዶች በሚሞሉባቸው የቆላ ከተሞች ኤች አይ ቪም አብሮ ይዛመታል። ሁለቱ በሽታዎች ሲገናኙ ይደጋገፋሉ፤ አንዱ ለሌላው በር ይከፍታል፣ ሕክምናው ይከብዳል፣ ካላአዛሩ ከዳነ በኋላ እንኳ ይመለሳል። ስለዚህ "ለምን እሱን ያዘው?" ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ዝንቧ ብቻ አይደለችም። ዝንቧ፣ እንጀራው፣ የክፍያው ዓይነትና የመኝታው ቦታ ተደራርበው ነው።

ከታመመ በኋላ ያለው ደግሞ ይብሳል። ከእርሻው እስከ ጤና ተቋም ያለው መንገድ ሩቅ ነው፣ በክረምት ዋልካው ጭቃ ሆኖ መኪና ይይዛል። አንድ ቀን ታሞ መተኛት የአንድ ቀን ገንዘብ ማጣት ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ውስጥ ቤተሰቡ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ መታወቂያው የሚሠራው ግን በዋናነት እዚያው በትውልድ ወረዳው ውል ባላቸው ተቋማት ነው። የቆላው ጤና ጣቢያ መድኃኒትና ባለሙያ የሚመደብለት ደግሞ በነዋሪው ቁጥር ነው። ሰሊጥ ሲደርስ የሚመጣው ሕዝብ በዕቅዱ ውስጥ የለም። ወረቀት ላይ የሌለ ሰው ሲታመም መድኃኒቱ ማለቁ ማንን ይገርማል?

በዚያ ላይ ካላአዛር ቶሎ አይታይም። ከንክሻው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይቆያል። ልጁ ብሩን ይዞ ጥጋበኛ መስሎ ቀዬው ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ትኩሳቱ የሚጀምረው። የደጋው ጤና ጣቢያ ካላአዛር አይቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ወባ ይባላል፣ የወባ መድኃኒት ይሰጠዋል። ቀጥሎ ታይፎይድ ይባላል (አገራችን ውስጥ ስሙ ያልታወቀ ትኩሳት ሁሉ ታይፎይድ ነው)፣ ለእሱም መድኃኒት ይወስዳል። ቀጥሎ ጠበል ይሞከራል። በዚህ መሐል ወራት ያልፋሉ፣ ጣፊያው ሆዱን ይሞላል። ትክክለኛው ሕክምና አለ፤ በተለመደው መንገድ ለ17 ቀን በየቀኑ ሁለት ዓይነት መርፌ መወጋት ነው። ይህንን የሚሰጡት ግን እንደ ጎንደር፣ መተማ፣ አብደራፊ ያሉ የተወሰኑ ቦታዎች ናቸው። ከእሱ ቤት እስከዚያ ትራንስፖርት፣ ለአስታማሚ ምግብ፣ የ17 ቀን ሥራ መፍታት አለ።

"እሺ፣ ግን ምናልባት ወጣት ወንዶች በተፈጥሯቸው ለካላአዛር የተጋለጡ ቢሆንስ?" የሚል ይኖራል። ለዚህ ሊቦ ከምከምን ልንገራችሁ። አዲስ ዘመን ከተማ ያለችበት ወረዳ ነው፣ ጣና አጠገብ፣ ደጋ የሚባል አገር። ካላአዛር አይታወቅበትም ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሰዎች በማይድን ትኩሳት መሞት ጀመሩ። መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተባለ። ካላአዛር መሆኑ የታወቀው ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. ነበር። ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት እንደመጡ ይታሰባል። እዚያ ግን የታመሙት እነሱ ብቻ አልነበሩም፤ ሴቶችም ሕፃናትም ነበሩበት። ምክንያቱም አሁን መተላለፊያው እርሻ ካምፕ መሆኑ ቀርቶ ቀዬው ራሱ ሆነ። ውጭ ማደር፣ ግራር ሥር መተኛት እዚያም አጋላጭ ሆኖ ተገኘ። የመጋለጫው ቦታ ሲቀየር የተጋላጩ ማንነትም ተቀየረ። በእኔ እምነት የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሁሉ እዚህ ታሪክ ውስጥ አለ።

የሰውነት ተፈጥሮ ምንም አያደርግም እያልኩ ግን አይደለም። ነፍሰ ጡር ሴትና ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በወባ ይበልጥ ይጎዳሉ፣ ይህ ክርክር የለውም። የዘር ጉዳይም አለ፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው የምንረዳው። የእግር ዝሆኔን ውሰዱ። በወላይታም በጎጃምም በሌሎች ብዙ ቦታዎችም አለ። ብዙ ሰው የዘር እርግማን አድርጎ ያየዋል፣ አንዳንዱም ተላላፊ ይመስለዋል። ተላላፊ አይደለም። ለብዙ ዓመት በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ከመሥራት የሚመጣ ነው። አፈሩ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ባለበት ቦታ የሚገኝ ነው። ደቃቅ ብናኙ በእግር ቆዳ ይገባና እግር ያሳብጣል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ ነው ከአፈሩ ጋር ያያያዘው።

ሰዎች "ዘር ነው" ሲሉ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። በሽታው ያለበት ሰው እህት ወንድም የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል ነው፤ አንዳንድ ሰው አፈሩን የማይቋቋም ተፈጥሮ ይዞ ይወለዳል። ነገር ግን ያው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግ፣ እግሩን በውሃና በሳሙና ቢታጠብ ተፈጥሮው ምንም አያመጣበትም። አዲስ አበባ ተወልዶ በጫማ ያደገ፣ ያንኑ ተፈጥሮ የያዘ ሰው ይኖራል፤ መኖሩን ሳያውቀው ያረጃል። ታዲያ በሽታው የዘር ነው ወይስ የጫማ? ዘሩን መቀየር አይቻልም፣ ጫማ ግን መግዛት ይቻላል። ስለ ዘር ብቻ ስናወራ ጫማው ይረሳል። የሚያሳዝነው ደግሞ እግሯ ያበጠ ልጅ ባል እንዳታገኝ፣ ወንድሞቿም እህቶቿም ሚስትና ባል እንዳያገኙ ሲባል ቤተሰብ ይደብቃታል። ስለዚህ መታጠብና ጫማ ሊያሻሽለው በሚችልበት ጊዜ ሳትታከም ትቆያለች።

ከበሽታ ወጥተን ወደ አደጋ ስንሄድም ነገሩ ያው ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ባለው የቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼ ላይ፣ የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። "እዚያ ማን ኑሩ አላቸው?" ያለ ሰው ነበር። የቤት ኪራይ ነው ያላቸው! ከዚያ በፊት በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ተሠርቶ ሥራ ጀምሮ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፣ ማስወገጃው ሥራ አቆመ፣ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። ገበሬዎቹን መውቀስ አይቻልም፣ የማንም ጓሮ የከተማ ቆሻሻ መጣያ መሆን የለበትም። ነገር ግን የከተማው ቆሻሻ የሆነ ቦታ መውደቁ አይቀርም፤ የወደቀው ደግሞ እምቢ የሚልበት አቅም ባልነበረው ሰው ራስ ላይ ሆነ።

እምቢ ማለት መቻል ስል ደግሞ ዐረብ አገር ያሉት እህቶቻችን ትዝ ይሉኛል። ከፋላ በሚባለው አሠራር የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው። ከአሠሪዋ ቤት ከወጣች ሕገወጥ ትሆናለች። ስለዚህ "ይህን መስኮት ከውጭ በኩል አላጸዳም፣ እወድቃለሁ" ማለት ለእሷ እንደ እኔና እንደ እናንተ ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ሊባኖስ ኢኮኖሚዋ ሲደቅና ኮሮና ሲጨመር አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ቤይሩት ባለው ቆንስላችን ደጅ ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ ዓለም አይቷል። በሰው አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የራሳችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የቤት ሠራተኛን ከተፈጻሚነቱ ውጭ አድርጎ በሌላ ደንብ ይመራል ብሏል። ፋብሪካ ውስጥ እጁ ለተቃጠለ ሠራተኛ የጉዳት ካሣ ሕግ አለ፤ ቤት ውስጥ ዘይት የፈሰሰባት ልጅ ዕጣዋ በእመቤቷ ቸርነት ላይ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። "ይህ ቡድን ተጋላጭ ነው" ሲባል "ይህ ቡድን አደገኛ ነው" ተብሎ ቶሎ ይተረጎማል። ከቆላ የተመለሰው ልጅ በሽታ አምጪ ተደርጎ ይታያል፣ ኤች አይ ቪ በመጣ ሰሞን የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ከዚያ በኋላ ሰው ይደብቃል፣ የደበቀ አይመረመርም።

ምን ይደረግ ለሚል፣ እኔ ከልጁ አልጀምርም። ከእሱ በላይ ውሳኔ ካላቸው ሰዎች ነው የምጀምረው። ሰሊጥ ወደ ውጭ ሄዶ ዶላር ያመጣል፤ ከዚያ ላይ ለሠራተኛው አጎበር የሚሰቀልበት መጠለያ መሥራት ለባለሀብቱ የማይቻል አይደለም፣ አስገዳጅ ካለ። የጤና መድን መታወቂያው ሰውየውን ተከትሎ መተማም እንዲሠራ ማድረግ የመንግሥት ውሳኔ ነው። የጤና ጣቢያው በጀት የመከር ወቅቱን ሕዝብ እንዲቆጥር ማድረግም እንዲሁ። ሠራተኛው በሚወርድበትና በሚመለስበት መናኸሪያ ላይ ምርመራ ማድረግ፣ ለደጋው ጤና ጣቢያ ደግሞ የካላአዛርን ፈጣን መመርመሪያ ማድረስ ይቻላል። ከጣት በምትወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራ፣ ብዙም የማይቆይ ምርመራ ነው።

እስከዚያው ቤታችሁ ውስጥ ከቆላ የተመለሰ ልጅ ካለ፣ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ እየከሳ ከሆነና የወባ መድኃኒት ካልሠራለት፣ ሐኪሙ እስኪጠይቅ አትጠብቁ። "መተማ ከርሞ ነው የመጣው" ወይም "ሁመራ ነበር" በሉት፣ የሄደው ከአምስት ወር በፊት ቢሆንም። ጤና ጣቢያው ምርመራው ከሌለው ወዳለበት ሪፈር እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ።